ባለ አፍንጫዋን የሰደበው አባቴ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ልጄና ሁለት ጓደኞቹ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው አንድን ሰው ሲያወግዙ ሰማኋቸው። ሰውየው ስለ መኪና የሚያወራ ጋዜጠኛ ነው፤ ወጣቱ ሁሉ የሚመኛትን አንዲት መኪና በቪዲዮ ወጥቶ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ናት ብሏል፤ ከሥሩም ሕዝቡ ተሰልፎ ስድብ ያወርድበታል። ልጄ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ያቺንም መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ከማየት በቀር በሯን ከፍቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ፊቱ ተለዋውጦ፣ አውራ ጣቱ እየተጣደፈ የራሱን ስድብ ይጽፍ ነበር። ምን ብለህ ጻፍክ አልኩትና አነበበልኝ፤ ሰውየው መኪናዋን የጠላት መግዛት ስላቃተው ነው የሚል ነበር። ጓደኞቹ ሳቁ። ሞተር ሳይክል ሲነካኩ ስለዋሉ ሳሎኑ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ያ የነዳጅ ሽታና ያ የወጣት ቁጣ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ጊዜ እኔ ደሴ መሆኔን ረሳሁት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ መካነ ሰላም ከተማ በጋሽ ሞላ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር።

አባቴን ከተማው አስር አለቃ ይመር ይለው ነበር። በደርግ ጦር ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ጦሩ ሲበተን አንድ ካፖርትና አንድ ሳጥን መፍቻ ይዞ መጣ፣ እኔን ሴት ልጁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አገኘኝ፣ ለሁለት ሳምንት ያህልም እርስ በርስ እንደ እንግዳ ተፋፈርን። ከዚያ ጋሽ ሞላ ዘንድ ሥራ ያዘ። ጋራዥ ይባል እንጂ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስና ዝናብ ሲጥል ኩሬ የሚሆን ጉድጓድ ነበር፤ ሆኖም ከአቀስታ ወዲህ የሚያልፍ መኪና ሁሉ፣ የመንግሥትም የነጋዴም፣ አንድ ቀን እዚያ ጉድጓድ ላይ መቆሙ አይቀርም። ሾፌሩ፣ ጎሚስታው፣ ሥራ የፈታው፣ በሕይወቱ ከአህያ በቀር ነድቶ የማያውቀው ሁሉ በገበያ ቀን እዚያ ተሰብስቦ የትኛው ሞተር ዳገት ይወዳል፣ የትኛው ካምቢዮ ጭቃ ይፈራል እያለ ይከራከራል። ከሁሉ አብዝቶ የሚጮኸው ባለ አህያው ነበር።

አባቴ በአፉ ዝምተኛ ነበር፣ በብዕሩ ግን ምላሳም። ጋዜጣ እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣ አንድ ጋዜጣ በመጨረሻ ገጹ ላይ ስለ መኪና የሚጻፍበት ዓምድ ነበረው፤ አባቴ አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጻፈላቸውና ወደዱት፣ ከዚያ በኋላ ዓምዱ የእሱ ሆነ ማለት ይቻላል። የእሱ ፊደል የዶሮ ጭረት ስለሚመስል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ያስቀምጠኝና እሱ እያነበበ እኔ በንጹሕ ወረቀት እገለብጥለት ነበር። እያንዳንዷን ቃል ያስረዳኛል፤ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ሁለት ሰሃን አጋጥሞ፣ ባሌስትራ የሚባለው ጎባጣ ብረት ጭነት እንዴት እንደሚሸከም የእናቴን ወንፊት አጉብጦ አሳይቶኛል፣ በወንፊቱም ከእናቴ ተጣልተዋል። የሹሞቹን መኪና ግማሽ ጉልበቷ ለክብር የተሰጠ ነው ብሎ የጻፈ ጊዜ፣ ለከተማ የተሠራችውን ትንሽ አውቶሞቢል ደግሞ ጎማዋ የሻይ ሰሃን ያህላል ያለ ጊዜ፣ ጋራዡ ሁለት ተከፍሎ ሊፋጅ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሞላ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ሰው ይሰድበዋል፣ አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መፍቻ እያሽከረከረ ይሰማል። ያኔ ስድቡ የጨዋታ ነበር፤ ሰው ሰድቦት ሲያበቃ ሻይ ይጋብዘዋል።

ጋዜጣው ከደሴ የሚመጣው በባለ አፍንጫዋ ነበር። ባለ አፍንጫዋ ማለት ሞተሯ ከጋቢናዋ ፊት እንደ አፍንጫ የወጣ፣ ጣሊያን አገር የተሠራች፣ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም የማታንስ የጭነት መኪና ናት፤ ባለቤቷም ሾፌሯም አያ ሰይድ ነበር። ለእህል የተሠራች ብትሆንም እኛ አገር ሰው ትጭናለች። ጆንያ ከሥር ይደረደራል፣ ሰው ከላይ ይቀመጣል፣ ዳርና ዳሩን ስፖንዳ የሚባለውን የእንጨት ግድግዳ ይዞ በለጋምቦ ደጋ ውርጭ እየተንቀጠቀጠ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ምጥ የያዛቸውን ለሐኪም አድርሳለች፣ ሙሽራ አምጥታለች፣ ሬሳ መልሳለች። ክላክሷ ከገደሉ ማዶ ሲሰማ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። የአያ ሰይድ ልጅ ሉባባ የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች እኔ ከሌላው ልጅ የበለጠ መብት ነበረኝ፤ መኪናዋ ከከተማው አፋፍ እስከ መናኸሪያው ስትገባ ሁለታችንም ጋቢና ውስጥ እንቀመጣለን፣ አያ ሰይድም ክላክሱን በየተራ ያስነካን ነበር። መቀመጫዋ የናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነበረው። ያቺን መኪና እንደ ሰው እወዳት ነበር፣ አባቴም ይህን ያውቃል።

ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ስለ እሷ የጻፈውን እንድገለብጥለት ያልሰጠኝ። ራሱ በዚያ በዶሮ ጭረቱ ጽፎ ላከው።

ጋዜጣው እንደ ልማዱ በሳምንቱ በባለ አፍንጫዋ ላይ ተጭኖ መጣ። አያ ሰይድ ራሱ ለጋሽ ሞላ አቀበላቸው። ጋሽ ሞላ ማንበብ ሲጀምሩ ሰው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥቂት እንደሄዱ ግን ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። አባቴ የመኪናዋን ስም ጠርቶ፣ የምትሄድበትን ቁልቁለት ጠቅሶ፣ የፍሬኗ ሸራ ማለቁን፣ የንፋስ ቧንቧዋ በሽቦ መታሰሩን፣ ሰው መጫኗ ነውር መሆኑን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። መጨረሻው ላይ ያለውን ጋሽ ሞላ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ የተሳሳቱ መስሏቸው። "ይህችን መኪና የሚወዷት ሁሉ እስካሁን ያልገደለቻቸው ብቻ ናቸው" ይላል።

 ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተነሳ። አንዱ ይህ ሰው አብዷል አለ፣ አንዱ ተገዝቶ ነው አለ፣ ባለ አህያው ከኋላ ሆኖ ጋዜጣው ይቃጠል ይል ነበር። አያ ሰይድ ሌላ ጊዜ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

"ይህች መኪና እናቶቻችሁን ሐኪም ቤት አድርሳለች። እሱ ማንን አደረሰ?"

አባቴ ከጉድጓዱ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ስህተት ካለበት አሳዩኝ አላቸው። ማንም አላሳየውም። ትክክል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አስጠላው፤ ጋሽ ሞላ በዚያው ሳምንት ሥራ ቀዝቅዟል ብለው ቤት እንዲቀመጥ ነገሩት።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋዜጣውን የትኛው ሹም እንዳነበበው አናውቅም፤ ብቻ ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ሰዎች ከደሴ መጥተው ባለ አፍንጫዋን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ከእንግዲህ ሰው እንዳትጭን ብለው አዘዙ። ክረምቱ እየገባ ነበር፣ ሌሎቹ መኪኖች በጭቃው ምክንያት መምጣት አቁመዋል። ደሴ ቀጠሮ የነበራቸው በሽተኞች ቀሩ፤ ነጋዴዎቹ በበቅሎ እስከ አቀስታ መሄድ ጀመሩ፤ አንዲት እርጉዝ በቃሬዛ ስትወሰድ ሰዎቹ በእኛ ደጅ ሲያልፉ ቆም ብለው ወደ ቤታችን አዩና አልፈው ሄዱ። አባቴ ያኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ዓይኑን አላነሳም። እናቴ ከደሴ ጨርቅ እያስመጣች ትሸጥ ነበር፤ ባለ አፍንጫዋ እህልና ዕቃ መጫኗን ባታቆምም የእናቴ የጨርቅ ጥቅል ግን አቀስታ ተረስቶ ቀረ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተረሳ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ በልቶት መጣ። ሰላምታ የሚሰጣት ጎረቤት ሁሉ ሳታያት ማለፍ ተማረ። አንድ ቀን እናቴ የበሰበሰውን ጨርቅ ግቢው ውስጥ እያሰጣች አባቴን "ይመር፣ እውነት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ግን ለማን ብለህ ነው?" አለችው። እሱም ተነስቶ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘላት።

በትምህርት ቤት ሉባባ ከጎኔ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልሰደበችኝም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን፣ እርሳሷን፣ እኔ የሰጠኋትን ማስመሪያ ጭምር ሰብስባ ሄደች። ቀሪው ክፍል "የጋዜጠኛው ልጅ" ይለኝ ጀመር፤ ጋዜጠኛ የሚለው ቃል በዚያ ወር በመካነ ሰላም የስድብ ቃል ነበር።

አባቴን ጠላሁት። አሁን ይህን ስጽፍ ቀለል አድርጌ ማለት እችል ነበር፣ ተቀየምኩት፣ ከፋኝ፤ ግን ጠላሁት ነው እውነቱ። ሉባባን የወሰደብኝ፣ ጋቢናዋን የከለከለኝ፣ የእናቴን ጨርቅ ያበሰበሰው እሱ ነው። እናም የጋዜጣውን አድራሻ ከማንም በላይ አውቀው ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ እሱ በሌለበት፣ በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ የእጅ ጽሕፈቴን እንዳያውቁት ፊደሉን አጋድሜ፣ "ከአንድ የመኪና ወዳጅ" ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ባለ አፍንጫዋን አሞገስኩ፣ የፍሬን ዘይቷ በየሳምንቱ እንደሚሞላ መሰከርኩ። ቁጣዬ ግን በዚያ አልረካም። እናቴ አንድ ጊዜ፣ አባትሽን መኪና ንዳ እንዳትይው ብላ የነገረችኝ ነገር ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ፍሬኗ አይታመንም ያላትን የጦር መኪና ራሱ እንዲነዳ ታዝዞ፣ ወታደር እንደጫነ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ፣ እሱ ሲተርፍ ከኋላ ከነበሩት ብዙዎቹ አልተረፉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በጋራዡ የሠራውን መኪና ሁሉ ሌላ ሰው ነድቶ ይሞክርለታል፣ ሰውም የመካኒክ ኩራት ይመስለው ነበር። እኔ ይህን ጻፍኩት። "ጸሐፊው መኪና የሚጠሉት አንዴ ገልብጠው ስለፈሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ይዘው አያውቁም" አልኩ። ፖስታውን ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ፣ እሱም በባለ አፍንጫዋ ተጭኖ ሄደ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ። ከደሴ የመጡት ሰዎች ተመልሰው አልመጡም፤ ክልከላው እንደ ብዙ ትእዛዝ በራሱ ጊዜ ተረሳና ባለ አፍንጫዋ በመጀመሪያ በሽተኛ ብቻ፣ ከዚያ በሽተኛና ዘመድ፣ በመጨረሻም እንደ ድሮዋ ሁሉንም መጫን ጀመረች። የሰው ቁጣም እየበረደ መጣ። ጋሽ ሞላ አባቴን ለአንድ ከባድ ሥራ አስጠሩት፣ ያንን ሲጨርስ አይሂድ አሉ። ሉባባ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቆሎ ሰጠችኝ። ደብዳቤው እንደጠፋ እርግጠኛ ሆንኩ፣ አላህንም አመሰገንኩ፣ ዳግመኛ እንዲህ አላደርግም ብዬ ተሳልኩ።

ደብዳቤው በወሩ ወጣ። ገበያ ቀን ነበር፤ ጋሽ ሞላ መነጽራቸውን ሰክተው ርእሱን ሲያነቡ እኔ ለአባቴ ምሳ ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ደብዳቤዬ ሙሉውን፣ አንዲት ቃል ሳይቀነስ ታትሟል። ሰው ጭብጨባ ጀመረ፣ ያቺ "አንዴ ገልብጠው" የምትለው ስትደርስ ግን ጭብጨባው ቆመና ፊት ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። አባቴ ሥራውን አላቆመም። መፍቻውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ወጣና ምሳውን ከእጄ ተቀበለኝ። ሲቀበለኝ አየኝ። ረጅም አልነበረም፣ ሰው ሰዓት የሚያይበትን ያህል ነው። ይህን ነገር በዚያ ከተማ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው፣ አንዷ እናቴ ናት፣ እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ገልባጭ" አሉት። አሸዋና ድንጋይ የሚደፋውን መኪና እኛ አገር ገልባጭ እንለዋለን፤ ስሙ አስቂኝ ስለሆነ ነው የያዘው፣ ሕፃናት እንኳ ትርጉሙን ሳያውቁ አስር አለቃ ገልባጭ እያሉ ሰላም ይሉት ነበር። እሱም ሰላም ይላቸዋል። ቁጣው የገነፈለበት ጊዜ ቢያልፍም ይህ ንቀት አላለፈም፤ ጋራዥ ውስጥ ስለ የትኛውም መኪና አፉን ሲከፍት አንድ ሰው ይስቃል፣ ያኔ ይተወዋል።

እቤት ምንም አላለኝም። ለቀናት ይመታኛል፣ ይጮህብኛል፣ ለእናቴ ይነግራታል እያልኩ ጠበቅኩ። አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ጫማዬን ሳስር አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"የዚያች መኪና ፍሬን በንፋስ ነው እንጂ በዘይት አይሠራም" አለኝ። "ስንት ጊዜ ነግሬሽ ነበር።"

 እኔ ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ ማሰሪያዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፣ ቀና ስል ሄዷል። ከዚያ በኋላ ለጋዜጣው አንድ መስመር አልጻፈም። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ ብዕሩም ነበር፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከቤት ወጥቶ መሄድ ለመደ፣ እኔም በዚያ ሰዓት መስኮቱ ሥር አልቀመጥም። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ደሴ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ስንገናኝ እንሳሳቅ ነበር፣ ልጄን በጣም ይወደው ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር አስረድቶኝ አያውቅም። አባት ልጁን ምን ላስተምርሽ ብሎ ሲመጣ የሚኖረውን ዓይነት ፊት ከአሥራ አራት ዓመቴ በኋላ አላየሁበትም።

ባለ አፍንጫዋ ማንንም አልገደለችም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ሠርታ፣ አንድ ቀን አቀስታ ገበያ መሃል ሞተሯ ጠፍቶ አልነሳ አለ፣ እዚያው ቆማ ቀረች፣ ዶሮ አደረባት። ሚኒባሶቹ መጡ። ከተማው ይህንን በአባቴ ላይ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ ያዘው፤ ይኸው፣ ማንን ገደለች ይሉታል። እሱም፣ አልሃምዱሊላህ፣ ማንንም አልገደለችም ይላቸዋል። እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፣ በድምፁ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም።

አባቴ የሞተው ልጄ ስምንተኛ ክፍል እያለ ነው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁር ዓባያ የለበሰች ሴት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሉባባ ነበረች። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ጅዳ ሄዳ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ተመልሳ ደሴ ሸዋ በር ላይ ሱቅ ከፍታ ነበር። አያ ሰይድ ከአባቴ ቀድሞ ሞቷል። ስለ ልጆቻችን ጥቂት ተነጋገርን፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። አባቷ፣ ጋራዡ ውስጥ የጮኸ ሰሞን፣ ባለ አፍንጫዋን ባዶዋን ደሴ ወስዶ የፍሬን ሸራዋን በሙሉ አስቀይሯል፣ የንፋስ ቧንቧዎቿንም በአዲስ አስለውጧል። ሚስቱንና ልጆቹን ለማንም እንዳይተነፍሱ አስምሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ የአቀስታን ቁልቁለት ሲደርስ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው፤ ሰው መኪናዋ አርጅታ ተንቀራፈፈች እያለ ያማት ነበር።

"ለአባትሽ መንገር ፈልጎ ነበር" አለችኝ። "አፍሮ ቀረ።"

እኔም ያኔ፣ ለእሷም ለማንም ነግሬው የማላውቀውን፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። መሬት መሬት እያየች የዓባያዋን ጫፍ አጣጠፈች።

"ሁሉም ባጨበጨበበት ቀን ማታ፣ አባቴ እቤት ጋዜጣውን ቀዶት ነበር" አለች። "ይህን የጻፈ ሰው መኪናም አያውቅ፣ ሰውም አያውቅ አለ።"

ለቀስተኛ እየገባ ስለነበር ሁለታችንም ተነስተን ቦታ ለቀቅን። ሁለቱ አባቶቻችን አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ላይ ሳይተያዩ ሲተላለፉ፣ አንዱ የሌላውን ቃል አምኖ ማርሹን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሌላው ደግሞ ማንም እንዳልሰማው አምኖ አፉን ዘግቶ ኖረ። መኪናዋ ማንንም ያልገደለችው አባቴ ስለጻፈ ነበር፤ ይህንን የሚነግረው ሰው አጥቶ ሄደ፣ ልጁ የሆንኩት እኔም ሰምቼ የደረስኩት እሱ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።